ዶሮና እንቁላል በደሴና በኮምቦልቻ ጓሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በታክሲ አጭር መንገድ ነው፤ ለዶሮ ግን ሁለት አገር ነው። ደሴ ላይ ዶሮን የሚጎዳው ብርድ፣ ጉምና እርጥበት ሲሆን ኮምቦልቻ ላይ የቀን ሙቀት ነው። እንቁላል የሚበስልበት ደቂቃ እንኳ ይለያያል። መልሶቹ የተጻፉት በጓሮው ከ5 እስከ 50 ዶሮ ለሚያረባ ቤተሰብ ነው።

የልጅነታችን እንቁላል ጣዕም ዛሬ ለምን የለም?

እናት ከጎጆው አንስታ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው በቅቤ የምትጠብሰው እንቁላል ይለያል የሚል ሰው ትዝታው ብቻ አይደለም የሚያታልለው። የአበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም ገደማ ነው፤ የፈረንጅዋ 60 ግራም ይደርሳል። በትንሹ እንቁላል ውስጥ ግን አስኳሉ የሚይዘው ድርሻ ይበልጣል፤ ስቡም ጣዕሙም ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛው ነገር ትኩስነት ነው። እንቁላል በቆየ ቁጥር ነጩ እየቀጠነ፣ አስኳሉን የያዘው ስስ ሽፋን እየላላ ይሄዳል። ዛሬ የተጣለ እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲሰበር ነጩ ተሰብስቦ ይቆማል፤ የከረመው ውሃ ሆኖ ይፈሳል።

የአስኳሉ ቀለም የሚመጣው ከመኖ ነው። ዶሮዋ ቅጠልና ቢጫ በቆሎ ከበላች ይደምቃል፤ ነጭ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ ከሆነ ይገረጣል። የገረጣው ከደመቀው ያነሰ ፕሮቲን የለውም። ለውጡን ለማየት የፈለገ ጎመን፣ ቆስጣ ወይም አልፋልፋ በገመድ አስሮ ከዶሮዎቹ ራስ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይስቀል። መሬት ላይ ከተጣለ ረግጠው ያበላሹታል። ለአንዲት ዶሮ በቀን እፍኝ የማይሞላ ይበቃል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አስኳሉ ላይ ይታያል። ቅጠል አብዝቶ መስጠት ግን ዋናውን መኖ እንዳትበላ ሆዷን ይሞላባታል።

ደሴ ላይ እንቁላል ለመቀቀል ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ደሴ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ 94 አካባቢ። ስለዚህ ከውጭ የመጣ የምግብ አሠራር «10 ደቂቃ» ካለ ደሴ ላይ የአስኳሉ መሐል ሊለሰልስ ይችላል። ውሃው ከፈላ በኋላ እንቁላሉን በማንኪያ ቀስ አድርገው ያስገቡ፤ ለደንበኛ ቅቅል ደሴ ላይ 13 ወይም 14 ደቂቃ፣ ኮምቦልቻ 12 ደቂቃ ያህል ይስጡት። እሳቱን ማጋጋም አያፋጥነውም፤ የፈላ ውሃ ሙቀቱ አይጨምርም፣ እንቁላሎቹ እየተጋጩ ይሰነጠቃሉ እንጂ።

ለዶሮ ወጥ ሲቀቀል የሚያስቸግረው ልጣጩ ነው። ትናንት የተጣለ እንቁላል ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር ተቦጭቆ ይወጣል፤ ምክንያቱም ገና ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልወጣም፣ ነጩም ከውስጠኛው ሽፋን ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ከ7 እስከ 10 ቀን የቆየ ይሻላል። ከእሳት እንደወጣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይግባ፤ ይህ ልጣጩን ያቀላል፣ በአስኳሉ ዙሪያ የሚወጣውን አረንጓዴ ቀለበትም ይቀንሳል። ቀለበቱ ከመጠን በላይ ሲቀቀል ከአስኳሉ ብረትና ከነጩ ድኝ የሚፈጠር ነው፤ ጉዳት የለውም፣ መልኩን ግን ያበላሻል። የተላጠውን በቢላ ጫፍ ሦስት አራት ቦታ ጫር አድርገው ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት፤ ቁሌቱ የሚገባው በዚያ ነው።

እንቁላል መገማቱን ሳልሰብር እንዴት ልወቅ?

በጎድጓዳ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያስገቡት። ተጋድሞ ከተኛ ትኩስ ነው፤ በሹሉ ጫፍ ከቆመ ቆይቷል ግን ይበላል፤ ከተንሳፈፈ ይጣል። በድቡልቡሉ ጫፍ በኩል ያለው የአየር ኪስ በየቀኑ እየሰፋ ስለሚሄድ ነው የሚንሳፈፈው። ውሃ የነካውን እንቁላል መልሰው አያከማቹ፤ በዚያው ቀን ይጠቀሙበት።

በአጠቃላይ እንቁላል ማጠብ አይመከርም። ሲጣል ቀዳዳዎቹን የሚሸፍን ስስ መከላከያ ይዞ ይወጣል፤ ውሃ ያንን ያነሳውና ተሕዋስያን እንዲገቡ ያደርጋል። ኩስ የነካው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። በጣም ያደፈውን ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ቶሎ መብላት ነው። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ። ጥላ ባለበት የደሴ ጓዳ ሦስት ሳምንት አያሳስብም፤ ኮምቦልቻ ላይ በሞቃቱ ወራት ከ10 ቀን በላይ ከፍሪጅ ውጭ ባይቆይ ይመረጣል።

እንቁላል ለመጣል አውራ ዶሮ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። አውራ የሚፈለገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው። ለ8 እስከ 10 እንስት አንድ ይበቃል።

ልጀምር ነው፤ የአበሻ ይሻላል የፈረንጅ? ስንትስ ልግዛ?

የሚፈለገው እንቁላል ከሆነ እንደ ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎማን ብራውን ያሉት በጥሩ አያያዝ በዓመት 300 ገደማ ይጥላሉ። የአበሻ ዶሮ በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ትጥላለች፤ ነገር ግን ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ጭልፊት ስታይ ጫጩቶቿን ትሰበስባለች፣ መኖ ቢጓደልም ጭራ ትኖራለች። ሳሶና ኮኮክ በመካከል ያሉ፣ ለእንቁላልም ለሥጋም የሚሆኑ ናቸው። የፈረንጅ ዶሮ ገዝቶ እንደ አበሻ ዶሮ በፍርፋሪ ማኖር ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ሰውነቷ ለብዙ እንቁላል የተሠራ ስለሆነ መኖ ሲጓደል ቶሎ ትደክማለች።

ለጀማሪ የአንድ ቀን ጫጩት አንመክርም። ከ45 ቀን በላይ ያደጉትን፣ ቢቻል የሦስት ወር ቄቦችን ይግዙ፤ የሚከፈለው ልዩነት በሞት ከሚታጣው ያንሳል። ሲገዙ የትኛው ክትባት በስንት ቀናቸው እንደተሰጠ በጽሑፍ ይጠይቁ። ለአምስት ሰው ቤተሰብ 6 ጣይ የፈረንጅ ዶሮ በሳምንት ከ30 በላይ እንቁላል ይሰጣል።

ቤቱ ምን መምሰል አለበት?

በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ፤ ለእያንዳንዷ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆጥ፤ ለ4 ወይም 5 ዶሮ አንድ የመጣያ ሣጥን፣ ወርዱ 30 ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቆጡ ከመጣያው ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ መጣያው ውስጥ አድረው ኩስ ይሞሉታል።

ደሴ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ብርድን በመፍራት ቤቱን ድፍን ማድረግ ነው። ዶሮ ላባዋ ደረቅ ከሆነ ብርዱን ትችለዋለች፤ የማትችለው እርጥብ አየር ነው። ሌሊት ከትንፋሽና ከኩስ የሚወጣው እንፋሎት ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሥር ጤዛ ሆኖ ጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከእርጥቡ ኩስ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያው ዓይንና መተንፈሻቸውን ያቆስላል፤ ቀጥሎ ማስነጠስና ማንኮራፋት ይመጣል። ስለዚህ ግድግዳው እስከ ዶሮዋ ቁመት ድፍን ይሁን፣ ከጣሪያው ሥር ግን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ክፍት ይተው። ከቆርቆሮው ሥር ሸራ ወይም የሣር ክዳን መወጠር ጤዛውን ይቀንሳል። ጠዋት ፀሐይ እንዲገባ አንዱ ፊት ወደ ምሥራቅ ይከፈት። ኮምቦልቻ ላይ ግን ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ሰሜንና ደቡቡ በሽቦ ክፍት ይሁን፤ ፀሐይዋ ጎኑን እንዳትመታው።

ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ወይም የተቆራረጠ ጭድ፣ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይሁን። ለመፈተሽ ከመጠጫው አጠገብ እፍኝ አንሥተው ጨብጠው ይልቀቁት፦ እንደ ቡጭቅ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው፣ ይቀየር፤ ቀስ ብሎ ከተፈረካከሰ ደኅና ነው፤ ጨርሶ ካልያዘና አቧራ ከሆነ ከመጠን በላይ ደርቋል። ከዚያ ተንበርክከው አፍንጫዎን በዶሮዋ ቁመት ላይ አድርገው ያሽትቱ። ቆመው የማይሸት አሞኒያ እዚያ ዓይን ያስለቅሳል።

ሸለምጥማጥ በትንሽ ቀዳዳ ይገባል፤ ሽቦው ጠባብ ቀዳዳ ያለው ይሁንና 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ይቀበር።

ጫጩቶቼ ሌሊት ተደራርበው ይሞታሉ፤ ለምን?

በርዷቸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀንሱላቸው። የደሴ የሌሊት ብርድ በኅዳርና በታኅሣሥ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። ለ25 ጫጩት በካርቶን ወይም በኮምፔንሳቶ የታጠረ ክብ ቦታና ባለ 100 ዋት የድሮው ዓይነት አምፖል በቂ ነው። አዲሱ ቆጣቢ አምፖል ያበራል እንጂ አያሞቅም፤ ብዙ ጫጩት በዚህ ምክንያት ያልቃል። ማዕዘን ካለ ማዕዘኑ ላይ ስለሚከማቹ ክብ ይሻላል።

ቴርሞ ሜትር ከሌለ ጫጩቶቹን ማየት ነው። አምፖሉ ሥር ተከምረው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ከሆነ ሞቋቸዋል፤ በአንድ ጎን ከተሰበሰቡ ንፋስ ይገባል፤ ተበታትነው ከተኙ ተስማምቷቸዋል። መብራት ሲጠፋ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው መሐላቸው ያስቀምጡ፤ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይቀይሩት። ከሰል አንድዶ በር መዝጋት ፈጽሞ አይሞከር። ጭሱ ባይታይም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጫጩቱንም ሊያሞቅ የገባውን ሰውም ይገድላል።

መኖውን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል?

ይቻላል፤ ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፣ ፕሮቲኑም ከ16 እስከ 17 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ለ100 ኪሎ የሚሆን አንድ ቅይጥ ይኸውና፦ የተከካ በቆሎ 50 ኪሎ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) 19፣ የስንዴ ፉርሽካ 10፣ የኑግ ፋጉሎ 9፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ 9፣ የአጥንት ዱቄት 2.1፣ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ) ግማሽ ኪሎ፣ ጨው 400 ግራም። ፕሪሚክሱንና ጨውን መጀመሪያ ከሁለት ኪሎ ፉርሽካ ጋር በደንብ አዋሕደው ከዚያ ወደ ትልቁ ይጨምሩ፤ በቀጥታ ከተበተነ አንዷ ዶሮ ጨው ብቻ ትለቅማለች።

የኖራ ድንጋይ ስንል ያልተቃጠለውን ነው። ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ አፍና አንጀታቸውን ያቃጥላል። ፋጉሎ ጠፍቶ ጥሬ አኩሪ አተር ከተገኘ ሳይቆላ አይሰጥ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው። የሻገተ በቆሎ ታጥቦም ተቆልቶም አይሆንም፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን ጉበታቸውን ይጎዳል፣ ወደ እንቁላሉም ሊያልፍ ይችላል። የጠላ አተላ በፀሐይ ደርቆ ከመኖው አሥረኛ እጅ ሳይበልጥ ቢደባለቅ ችግር የለውም።

ውሃ ከመኖው ሁለት እጥፍ ነው፦ ለ10 ዶሮ በቀን 2.5 ሊትር፤ ኮምቦልቻ በሞቃቱ ወራት ከዚያ በጣም ይበልጣል። ግማሽ ቀን ውሃ ያጣች ዶሮ እንቁላል መጣል ልታቋርጥ ትችላለች፤ ወደ ቦታዋ ለመመለስም ቀናት ይፈጅባታል።

ዶሮዎቼ መጣል አቆሙ፤ ምን ሆነው ነው?

በቅድሚያ ደብቀው እየጣሉ እንዳይሆን ቁጥቋጦውንና የእንጨት ክምሩን ይፈትሹ። ከዚያ ላባቸውን ይዩ፤ ዓመት ገደማ የጣለች ዶሮ ላባ ትቀይራለች፣ በዚያ ጊዜ ሁለት ወር ያህል ማረፏ የተፈጥሮ ነው። የትኛዋ እንደምትጥል ለማወቅ ከሥር ይዘው በመውጫዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች በጣት ይለኩ። ሁለት ወይም ሦስት ጣት በመካከላቸው ካለፈና መውጫዋ ሰፊና እርጥብ ከሆነ እየጣለች ነው፤ አንድ ጣት ብቻ ከገባና መውጫዋ ደረቅ ከሆነ አቁማለች። ቀይና ለስላሳ ኩክኒም ደኅና ምልክት ነው።

ብርሃንም ይቆጠራል። የፈረንጅ ዶሮ ሙሉ በሙሉ እንድትጥል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ የእኛ ቀን ግን ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 13 ሰዓት ቢሆን ነው። አነስተኛ አምፖል ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስኪነጋ፣ ከመሸ በኋላ ደግሞ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማብራት ይበቃል፤ ለዚህ ቆጣቢው አምፖል ይሆናል። አንዴ ከተጀመረ ሰዓቱ አይዛነፍ። ከ18 ሳምንት በታች ለሆኑ ቄቦች ግን አያብሩ፤ ሰውነታቸው ሳይጠና መጣል ይጀምራሉ።

ዶሮዬ ታቅፋ አልነሣ አለች፤ ላስቀምጣት ወይስ ላስተዋት?

ጫጩት ከፈለጉ ዕድሉ ነው። ከሳምንት ያልበለጠ፣ ፍሪጅ ያልገባ፣ ያልታጠበ፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ እንቁላል ይምረጡ፤ ለአንዲት የአበሻ ዶሮ 10 ወይም 12። ከክንፏ ውጭ የሚቀር ካለ ያውጡ፤ ሁሉም በተራ እየተገፋ ይበርደዋልና። በእርሳስ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ሌላ ዶሮ መጥታ የምትጨምረው ይለያል። በሰባተኛው ቀን ማታ በስልክ ባትሪ ብርሃን ከድቡልቡሉ ጫፍ ሲታይ ቀይ ሥር የተዘረጋበት ሕያው ነው፤ ጥርት ያለው አልጸነሰም፤ የጠቆረ ቀለበት የያዘው ሞቷል። በ21 ቀን ይፈለፈላል። ከ18ኛው ቀን በኋላ እንቁላሉን አይነካኩ፣ ቅርፊት ሰብሮ የቆየውን ጫጩት በጥድፊያ አያውጡ፤ ከስንጥቁ እስከ መውጫው እስከ አንድ ቀን ሊወስድበት ይችላል።

ወቅቱ ትልቅ ነገር ነው። ከክረምቱ በኋላ፣ በመስከረም አጋማሽ የታቀፈች በጥቅምት መጀመሪያ ትፈለፍላለች፤ ምድሩ ደረቅ ነው፣ ትላትሉና እህሉ ተርፏል፣ ውርጩም እስኪመጣ ላባ ያወጣሉ፤ ወንዶቹም ለፋሲካ ይደርሳሉ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የተፈለፈሉት ግን ብዙ ያልቃሉ።

ካልፈለጉ፦ አፍንጫዋ ላይ ላባ መሰካት፣ ቁልቁል መስቀል የመሳሰሉት ልማዶች ያሠቃዩዋታል፣ ይቅሩ። ሥሩ ሽቦ በሆነ፣ ብርሃን ባለበት ሣጥን ውስጥ ጉዝጓዝ ሳይኖር ከሦስት እስከ አራት ቀን ያቆዩዋት፤ መኖና ውሃ አይጉደልባት። ሆዷ ከሥር አየር ሲያገኝ ይቀዘቅዝና ትተወዋለች። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ትጥላለች።

ፈንግል ገባ ሲባል ምን ላድርግ?

ፈንግል (ኒውካስል የሚባለው የዶሮ በሽታ) ከገባ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ አንቲባዮቲክ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አንገት መጠማዘዝ፣ ክንፍ መውደቅ፣ በሁለትና ሦስት ቀን ብዙ ሞት ምልክቶቹ ናቸው። መከላከያው ክትባት ብቻ ነው። የተለመደው ቅደም ተከተል በ7ኛው ቀን ኤች ቢ ዋን የተባለው የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ፣ በ21ኛው ቀን ገደማ ላሶታ የተባለው ሌላው የፈንግል ክትባት በውሃ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ላሶታ መድገም ነው፤ ጉምቦሮ ለተባለው ሌላ የዶሮ በሽታ የሚሆነው ክትባት በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰጣል። ክትባቱን የሚያመርተው ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ነው፤ እዚህ በእንስሳት ጤና ክሊኒኮች በኩል ይጠየቃል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ጎረቤት ተባብሮ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ወጪው ይቀላል፣ ሰፈሩም አብሮ ይጠበቃል።

ክትባት ተሰጥቶም የሚሞቱት ብዙውን ጊዜ በአሰጣጥ ጉድለት ነው። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በበረዶ ይያዝ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ክትባቱን ስለሚገድል በአፈ ሰፊ ዕቃ አሳድረው፣ በአንድ ሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ይጨምሩበት። ዶሮዎቹን ሁለት ሰዓት አስጠምተው ይስጧቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት። የታመመ ዶሮ አይከተብ።

በበዓል ሰሞን ከገበያ የመጣ ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አይቀላቀል፤ 14 ቀን ለብቻው ይቆይ። ሳይሸጥ የተመለሰውም እንደዚሁ። የሞተውን ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩ፤ ቦርከና ውስጥ መጣል በሽታውን ለታችኛው ሰፈር መላክ ነው።

እንቁላሏን የምትበላ ዶሮ ምን ይደረጋል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ቅርፊቱ ሳስቶ በራሱ ሲሰበርና ስትቀምሰው ነው። ስለዚህ ካልሲየሙን ያስተካክሉ፦ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በተለየ ዕቃ ያቅርቡ፤ የእንቁላል ቅርፊት ከሆነ በምጣድ አድርቀው፣ ቅርጹ እስኪጠፋ አድቅቀው ይስጡ። እንቁላሉን በቀን ሦስት ጊዜ ይሰብስቡ፣ መጣያውን በጨርቅ መጋረጃ ያጨልሙ። አንዷ ብቻ ከሆነች ለይተው ያውጧት፤ ሌሎቹ አይተው ይለምዳሉ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እንቁላሉን ምን ላድርገው?

በ55 ቀኑ ጾም ክርስቲያኑ ቤት መግዛት ያቆማል፣ ዋጋውም ይወርዳል። በደሴና በኮምቦልቻ ግን ሙስሊሙ ጎረቤት፣ ሻይ ቤቱና ኬክ ቤቱ ስለሚገዛ ገበያው ጨርሶ አይደርቅም፤ ከጾሙ በፊት ደንበኛ መያዝ ብልህነት ነው። ለማቆየት ያልታጠበውን እንቁላል በተጣለበት ቀን በእጅ መዳፍ በነካ የምግብ ዘይት ስስ አድርጎ መቀባት ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ያቆየዋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንት እንቁላል ግን ዘይት ሳይቀቡ ለፋሲካ ያስቀምጡ፤ ለዶሮ ወጥ ሲቀቀል እንደ ልብ የሚላጠው እሱ ነው።

ለጉሮሮና ለጉልበት ጥሬ እንቁላል መጠጣት ጥሩ ነው?

አይደለም። ሳልሞኔላ ሊኖርበት ይችላል፤ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ አደገኛ ነው። ፕሮቲኑንም ሰውነታችን ከበሰለው ያነሰ ነው የሚጠቀምበት። ዶሮዎቹ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ደግሞ የበሰለውም ቢሆን በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የቀን ገደብ እስኪያልፍ አይበላም፣ አይሸጥም።

ኩሱን ለጓሮ አትክልት እንዴት ልጠቀም?

ትኩሱን ሥር ላይ ማድረግ ተክሉን ያቃጥላል። ከጭድና ከቅጠል ጋር ከምረው፣ እርጥበቱን ጠብቀው፣ በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጡ ሦስት ወር ያህል ያብስሉት። ደሴ ላይ በብርዱ ምክንያት አራትና አምስት ወር ሊወስድ ይችላል፤ ክምሩ ሽታው ጠፍቶ አፈር አፈር ሲል ለጎመንና ለድንች ይሆናል።